አልፎ አልፎ የሚከሰት የማርሽ መጥበቅ

አልፎ አልፎ የሚከሰት የማርሽ መጥበቅ በተለይ ባረጁ ማንዋል መኪናዎች ላይ የሚታይ ብልሽት ነው። ማርሹ አንዳንዴ በቀላሉ ይገባል፤ ሌላ ጊዜ ያስቸግራል ወይም ጭራሽ አልገባ ይላል። መኪናው ጋራዥ ሲደርስ ብዙ ጊዜ ደህና ሆኖ ስለሚገኝ፣ በግምት ካምቢዮ እስከ ማስወረድ ይደረሳል። ካምቢዮ ማውረድ ረጅም ሰዓትና ብዙ ገንዘብ የሚጠይቅ ሥራ ሲሆን፣ መንስኤው ግን ከካምቢዮው ውጭ ሊሆን ይችላል።

አሠራሩ

የፍሪሲዮን ፔዳል ሲረገጥ ካምቢዮው ከሞተሩ ይለያል። (ካምቢዮ፣ ፍሪሲዮን፣ ኩሽኔታ የሚሉት ቃላት ሦስቱም ከጣልያንኛ የመጡ ናቸው።) ከዚያም ሲንክሮናይዘር የሚባለው፣ ብዙውን ጊዜ ከነሐስ ወይም ከመሰል ብረት የሚሠራ ቀለበት፣ ጥርሶቹ ከመግጠማቸው በፊት ፍጥነታቸውን በሰበቃ ያስተካክላል። ካዲላክ ይህን አሠራር በ1928 እ.ኤ.አ. አስተዋውቋል። ፍሪሲዮኑ ሙሉ በሙሉ ካልለቀቀ ሞተሩ የካምቢዮውን መግቢያ ዘንግ ማዞሩን አያቆምም፤ ቀለበቱ ደግሞ ከሞተር ጋር ታግሎ ማሸነፍ አይችልም።

ምርመራ

የመጀመሪያው ፈተና ምንም መሣሪያ አይፈልግም። መኪናው ቆሞ ሞተሩ ከጠፋ በኋላ ማርሾቹ አንድ በአንድ ይሞከራሉ። ሞተር ሲጠፋ ሁሉም በቀላሉ ገብተው ሲነሳ ከጠበቁ፣ መጀመሪያ የሚጠረጠረው ፍሪሲዮኑ ነው። ሞተሩ ጠፍቶም ከጠበቁ ግን የማርሽ ዘንጉ ማያያዣዎችና ጎሚኒዎቻቸው፣ ወይም የካምቢዮው ውስጥ ይታያል።

በዘይት ግፊት በሚሠራ ፍሪሲዮን ላይ ብልሽቱ መጣ ሄደ የሚልበት የታወቀ ምክንያት የላይኛው ሲሊንደር ጎሚኒ ማርጀት ነው። ፔዳሉ በፍጥነት ሲረገጥ ጎሚኒው ግፊቱን ይይዛል፤ በዝግታ ሲረገጥ ወይም መብራት ላይ ተረግጦ ሲቆይ ግን ዘይቱ በጎሚኒው ጠርዝ ወደ ኋላ ያመልጣል። አንደኛ ማርሽ ገብቶ ፔዳሉ እንደተረገጠ መኪናው ቀስ እያለ ወደፊት መሳብ ከጀመረ ምልክቱ ይኸው ነው፤ መኪና በተጠጋጋበት መንገድ ላይ ደግሞ አደገኛ ነው። ዘይቱ ወደ ውጭ ስለማይፈስ መያዣው እንደሞላ ይቆያል፤ ደረጃውን ብቻ ማየት የሚያሳስተው ለዚህ ነው። ፔዳሉን ሁለት ሦስት ጊዜ ደጋግሞ መርገጥ ማርሹን ካለሰለሰው፣ ይህ ሲሊንደር ወይም በመስመሩ የገባ አየር ይጠረጠራል። የታችኛው ሲሊንደር ሲያፈስ ግን የአቧራ መከላከያ ጎሚኒው ሲገለጥ ውስጡ እርጥብ ሆኖ ይገኛል። በሽቦ ገመድ በሚሠሩት ላይ የገመዱ መሳሳትና የፔዳሉ ልቅነት ይታያል።

ጠዋት ብቻ ጠብቆ ሞተሩና ካምቢዮው ሲሞቁ የሚለሰልስ ማርሽ በአብዛኛው የዘይት ጉዳይ ነው። ጂኤል-4 ለሚፈልግ ካምቢዮ ጂኤል-5 ማድረግ ለሲንክሮናይዘሩ ከመጠን በላይ ሊያዳልጥ፣ አንዳንዱም ነሐሱን ሊጎዳ ይችላል። ዘይቱ ሲቀየር ወርቃማ ብናኝ መታየቱ የቀለበቶቹን መበላት ያመለክታል።

የሚያስቸግረው አንድ ማርሽ ብቻ ከሆነ፣ ለምሳሌ ሁለተኛ፣ ፍሪሲዮኑ ነፃ ሊሆን ይችላል፤ የዚያ ማርሽ ሲንክሮናይዘር ይመረመራል። የኋላ ማርሽ በብዙ አሮጌ መኪናዎች ላይ ሲንክሮናይዘር ስለሌለው፣ ፔዳሉ እንደተረገጠ ወዲያው ሲገባ ትንሽ መጮኹ ብልሽት አይደለም። ጥቂት ሰከንድ ተጠብቆም ከጮኸ ግን ፍሪሲዮኑ አልለቀቀም፤ ወይም በቮላኖው መሃል ያለው ትንሽ ኩሽኔታ ተጣብቆ ዘንጉን ያዞራል። ካምቢዮ ማውረድ የግድ የሚሆነው እንዲህ ያለው ሲረጋገጥ ነው።