አዲስ የፍሬን ዲስክ ከመገጠሙ በፊት

ከወልድያ ተነሥቶ በሮቢት በኩል ወደ ቆቦ የሚጓዝ ተሽከርካሪ፣ ከባሕር ወለል በላይ 2,100 ሜትር ገደማ ከሆነ ከፍታ 1,500 ሜትር ገደማ ወደሆነው የራያ ቆላ ይወርዳል። ከነተሳፋሪዎቹ 2.5 ቶን የሚመዝን ሚኒባስ በዚህ የ600 ሜትር ልዩነት የሚያጣው እምቅ ጉልበት 15 ሚሊዮን ጁል ያህል ነው። ይህም በሁለት ባለ 20 ሊትር ጀሪካኖች የሚያዝ ውኃን ከ20 ዲግሪ ሴንቲግሬድ አንሥቶ ለማፍላት ይበቃል። ከዚህ ጉልበት ሞተሩ፣ የመንኰራኵር ሰበቃና አየሩ ያልወሰዱትን ወደ ሙቀት የሚለውጠው ፍሬኑ ነው። ሥራው ሁሉ የተመሠረተውም በዲስኩና በፍሬን ሸራው መካከል ባለው ሰበቃ ላይ ነው።

አብዛኛው ዲስክና ታምቡር የሚሠራው ቀልጦ በቅርጽ ከፈሰሰ ብረት ሲሆን፣ ይህ ብረት እርጥበት ሲያገኘው ፈጥኖ ይዝጋል። ስለዚህ ብዙ አምራቾች ዕቃው በመርከብና በመጋዘን እንዳይበላሽ በስስ ዘይት ይቀቡታል። በመጋዘን ጠባቂ የነበረው ዘይት ግን በመንገድ ላይ ጠላት ይሆናል። የደረቀ ሸራና ብረት የሰበቃ ኮኤፊሸንት አብዛኛውን ጊዜ ከ0.3 እስከ 0.4 ሲሆን፣ ዘይት ሲገባበት በእጅጉ ያንሳል። ዘይቱ ሲሞቅ በሸራው ቀዳዳዎች ውስጥ ስለሚሰርግ፣ የተበከለውን ሸራ ከማጠብ ይልቅ መለወጥ ይገባል። አንዱ ጎን ብቻ ከተበከለም መኪናው ሲያዝ ጤነኛው ፍሬን ወዳለበት ጎን ይጎትታል።

ዘይቱን ለማስወገድ በናፍጣ ማጠብ መፍትሔ አይደለም፤ ናፍጣ ራሱ የዘይት ቅሪት ይተዋልና። ቤንዚን ደግሞ በቀላሉ የሚቀጣጠል ከመሆኑም በላይ ትነቱ ለጤና ጎጂ ነው። ለዚሁ የተዘጋጀው የፍሬን ማጽጃ ፈሳሽ ይመረጣል። እርሱ ካልተገኘ ሙቅ ውኃና ሳሙና ይበቃል፤ ነገር ግን ዲስኩ ወዲያው በንጹሕ ጨርቅ መድረቅ አለበት። አንዳንድ ዲስኮች ዝገት የሚከላከል ቋሚ ልባስ ስላላቸው የአምራቹን መመሪያ ማንበብ ያስፈልጋል። ከዚያ በኋላ የሚያዘውን ገጽ በቅባታም እጅ መንካት አይገባም።

ሁለተኛው ዝግጅት ዲስኩ የሚያርፍበትን ሞዞ ይመለከታል። ከመካከሉ 7 ሴንቲ ሜትር ርቆ የተቀመጠ የ0.1 ሚሊ ሜትር የዝገት ቅንጣት ዲስኩን ያዘነብለዋል፤ በ14 ሴንቲ ሜትር ርቀት ላይ ባለው ጠርዝ ውልግድናው ወደ 0.2 ሚሊ ሜትር ያድጋል። አሽከርካሪው ይህንን የሚያውቀው በፔዳሉ መንቀጥቀጥ ነው። ስለሆነም ሞዞው በሽቦ ብሩሽ መጽዳት አለበት። በፍሬኑ ዙሪያ የተከማቸውን አቧራ ግን በኮምፕረሰር ወይም በአፍ መንፋት አይገባም፤ አሮጌ ሸራዎች ሳንባን የሚጎዳ አስቤስቶስ ሊኖርባቸው ስለሚችል፣ በውኃ አርጥቦ መጥረግ ይሻላል።

መካኒኩ ሥራውን ሲጨርስ፣ ጎማው ከመዞሩ በፊት ፔዳሉን ደጋግሞ መርገጥ ይኖርበታል፤ አለዚያ የመጀመሪያው ርግጫ ባዶ ሊሆን ይችላል። ቀጥሎ አዲሱ ዲስክና ሸራ እርስ በርስ መላመድ አለባቸው። ይህም ጭነት ሳይጫን፣ በመካከለኛ ፍጥነት እየተነዱ በየመካከሉ እንዲቀዘቅዙ ፋታ እየሰጡ ደጋግሞ በዝግታ በመያዝ ይከናወናል። ለዚህ ተግባር ሰው ያልበዛበት ሜዳማ መንገድ ተስማሚ ነው። የራያ ሜዳ ይህንን ስለማይነፍግ፣ በሮቢት ወይም በቆቦ ፍሬኑን ያስለወጠ አሽከርካሪ አዲሱን ፍሬን መጀመሪያ በሜዳው ሊፈትነው ይገባል እንጂ፣ ተሳፋሪ ጭኖ በሚወርድበት ቁልቁለት ላይ አይደለም።