ኮክሌር ኢምፕላንት ለአሰላ ልጅ፦ ከቀዶ ጥገናው በኋላስ?

በአርሲ ደጋ ሁለት ዓመት ሞልቶት አፉን ያልፈታ ልጅ ሲኖር ጎረቤት ቶሎ አይደነግጥም። «አባቱም ዘግይቶ ነው የተናገረው» ይባላል። «ወንድ ልጅ ይዘገያል» ይባላል። ከዚያ ጠበል፣ ወይም ወደ ፈረቀሳ መሳለሚያ ስፍራ ጉዞ። እናት ግን ልቧ አያርፍላትም፤ ከልጁ ጀርባ ቆማ የድስት ክዳን ታጋጫለች። ልጁ ዞር ይላል፣ «እሰይ፣ ይሰማል» ይባላል፣ ሌላ ዓመት ያልፋል። ያዞረው የወለሉ ንዝረት ወይም የእሷው ጥላ ሊሆን እንደሚችል የሚነግራት ሰው ብዙ ጊዜ በአቅራቢያዋ አይገኝም።

ስለ ኮክሌር ኢምፕላንት የሚነሳው ክርክር ሁሉ ከዚህ ከባከነ ዓመት ይጀምራል። አእምሮ ድምፅን መለየትና ትርጉም መስጠት በደንብ የሚማረው በመጀመሪያዎቹ ሦስት ዓመታት ገደማ ነው። ስለዚህ አገልግሎቱ ባለባቸው አገሮች ሕፃኑ 1 ወር ሳይሞላው ይፈተሻል፣ እስከ 3 ወር ችግሩ ይረጋገጣል፣ እስከ 6 ወር እርዳታ ይጀምራል። ለፍተሻው የሕፃኑ መልስ አያስፈልግም። በተኛበት ትንሽ መሣሪያ ጆሮው ውስጥ ገብታ የውስጥ ጆሮውን ምላሽ ትቀዳለች፤ ካልሆነም ራሱ ላይ በሚለጠፉ ሽቦዎች የመስሚያ ነርቩ ምላሽ ይታያል።

መሣሪያው ራሱ ምንድን ነው? ተራው የመስሚያ መሣሪያ ድምፅ ያጎላል፤ የሚጎላውን የሚቀበል ሕዋስ ከሌለ ግን ማጉላቱ ብዙ አይረዳም። ኮክሌር ኢምፕላንት የተጎዳውን ክፍል አልፎ ነርቩን በቀጥታ በኤሌክትሪክ ይነካል። ከጆሮ ጀርባ የሚንጠለጠለው ፕሮሰሰር ድምፁን ይቀበላል፣ በማግኔት ራስ ላይ የሚጣበቀው ክብ ነገር በቆዳ ውስጥ ያስተላልፋል፣ ውስጥ የተተከለው ቀጭን ሽቦ ደግሞ ለነርቩ ያደርሳል። አውስትራሊያዊው ግሬም ክላርክ እ.ኤ.አ. በ1978 ሜልቦርን ላይ ባለ ብዙ ኤሌክትሮዱን መሣሪያ ተከለ፤ አሜሪካ ለልጆች የፈቀደችው በ1990 ነው። በጤነኛ የውስጥ ጆሮ 15 ሺህ ገደማ ፀጉር መሰል ሕዋሳት አሉ። ሽቦው ላይ ያሉት ኤሌክትሮዶች እንደ ፋብሪካው ከ12 እስከ 22 ናቸው። በ22 ነጥብ የ15 ሺህን ሥራ ማሠራት ነው። ልጁ የሚሰማው እኛ የምንሰማውን አይደለም፤ ትርጉሙን የሚሰጠው ልምምድ ነው።

ይህ ልምምድ በዜና ላይ አይታይም። በዜና የሚታየው መሣሪያው ሲከፈት የሚያለቅስ ሕፃንና የሚያለቅስ ወላጅ ነው። መሣሪያው የሚከፈተው ከቀዶ ጥገናው በኋላ ቁስሉ ሲድን፣ ብዙውን ጊዜ ከሁለት እስከ አራት ሳምንት ቆይቶ ነው። ከዚያ የእያንዳንዱ ኤሌክትሮድ የኤሌክትሪክ መጠን ለልጁ እየተለካ ይስተካከላል፤ በመጀመሪያው ዓመት ደጋግሞ፣ ከዚያም ዕድሜ ልክ በየጊዜው። የንግግር ሕክምናው ዓመታት ይፈጃል፤ ዋናዋ አስተማሪ ደግሞ እናት ናት።

በየማለዳው የሚሠራ አንድ ቀላል ፍተሻ አለ። እናት ከልጁ ኋላ ትቆምና በተራ ድምፅ «አ»፣ «ኡ»፣ «ኢ»፣ «ሽ»፣ «ስ»፣ «ም» ትላለች። ልጁ በሰማ ቁጥር አንድ የባቄላ ፍሬ ጣሳ ውስጥ ይጥላል። ስድስቱ ድምፆች ከዝቅተኛው እስከ ቀጭኑ ያለውን የንግግር ድምፅ ይሸፍናሉ። ትናንት «ስ»ን ሰምቶ የጣለ ልጅ ዛሬ ዝም ካለ ባትሪው ደክሟል፣ ሽቦው ተሰብሯል፣ ወይም ልኬቱ ተዛብቷል ማለት ሊሆን ይችላል። የሦስት ዓመት ልጅ «መሣሪያዬ ተበላሽቷል» ብሎ አይናገርምና ይህች የአንድ ደቂቃ ሥራ ከብዙ ወጪ ታድናለች።

አሁን ይህን ሁሉ ወደ አርሲ እናምጣው። አሰላ ከአዲስ አበባ 175 ኪሎ ሜትር ገደማ ትርቃለች፤ በቆጂ ደግሞ ከአሰላም አልፋ ናት። ቀዶ ጥገናው አዲስ አበባም ይሠራ ህንድ፣ ለማስተካከል የሚደረገው ጉዞ ግን በየጊዜው ነው፤ ትራንስፖርት፣ ማደሪያ፣ ከሥራ የሚቀር ቀን። መብራት ሲጠፋ ባትሪውን መሙላት አይቻልም። የክረምቱ እርጥበት ማይክሮፎኑን ስለሚጎዳ ፕሮሰሰሩ ማታ ማታ ማድረቂያ ባለው ዕቃ ውስጥ ያድራል። ለብርዱ የሚጠመጠመው ሻሽ ማግኔቱን ይገፋዋል። ጠበል ሲጠመቅ የውጪው ክፍል ይወልቃል፤ ያን ጊዜ ልጁ ፈጽሞ አይሰማም።

ዋናው ሸክም ገንዘቡ ነው። የውጪው ፕሮሰሰር ዘላለማዊ አይደለም፤ ከዓመታት በኋላ ይቀየራል፣ ዋጋውም በሺዎች የሚቆጠር ዶላር ነው። በሐምሌ 2016 ዓ.ም. ምንዛሪው በገበያ እንዲወሰን ሲደረግ አንድ ዶላር ከ57 ብር ገደማ ተነስቶ በወራት ውስጥ ከ100 ብር አለፈ። ብር እየቆጠበ ለሚጠብቅ ወላጅ የልጁ መስሚያ ዋጋ በአንድ ክረምት እጥፍ ገደማ ሆነ ማለት ነው። የህንድ መንግሥት አዲፕ በተባለው መርሐ ግብሩ ለድሃ ቤተሰብ ልጆች ይተክላል፤ የኬራላ ግዛትም እ.ኤ.አ. በ2012 የራሷን ጀመረች። መሣሪያዎቹ ሲያረጁ ግን «ጥገናውንስ ማን ይክፈል?» የሚለው የአደባባይ ሙግት ሆነ። እኛም ከወዲሁ የምንማረው ከዚያ ነው፤ ለመትከል የተመደበ ገንዘብ ለጥገና ካልተመደበ የልጁ ጆሮ ብድር ላይ ይቆማል።

ሌላው የቆየ ሙግት የምልክት ቋንቋ ነው። የአሜሪካ መስማት የተሳናቸው ብሔራዊ ማኅበር እ.ኤ.አ. በ1991 ለሕፃናት መትከልን አጥብቆ ተቃውሞ ነበር፤ በ2000 አቋሙን አለዝቦ ምርጫውን ለቤተሰብ ተወ። ስጋቱ ከንቱ አልነበረም። እኛ አገር መስማት የተሳናቸው ሰዎች ትምህርት ያገኙት በምልክት ነው፤ የመካኒሳና የሆሳዕና ትምህርት ቤቶች ትውልድ አውጥተዋል፣ አዲስ አበባ ዩኒቨርሲቲም የኢትዮጵያ ምልክት ቋንቋን በዲግሪ ማስተማር የጀመረው እ.ኤ.አ. በ2008 ነው። የጣት ፊደላችን ሳይቀር የእጁ ቅርፅ ፊደሉን፣ እንቅስቃሴው ከግዕዝ እስከ ሳብዕ ያለውን ቤት የሚለይበት ነው፤ ከውጭ ተቀድቶ የመጣ እንዳይመስላችሁ።

አንዳንድ ባለሙያ ግን «በእጅ ካናገራችሁት በአፉ ለመናገር ይሰንፋል» እያለ ወላጅን ያስፈራራል። ይህን ምክር አልቀበልም። ተራ የሚጠብቅ ልጅ እስኪተከልለት ሁለትና ሦስት ዓመት ያለ ቋንቋ መቀመጥ የለበትም። ተተክሎለትም ባትሪው ሲያልቅ፣ ሲታጠብ፣ ሲተኛ አይሰማም። ምልክት የንግግር ጠላት አይደለም። በአፍ የሚነገረውንም በተመለከተ፣ ቤቱ ኦሮምኛ ከሆነ ኦሮምኛ፣ አማርኛ ከሆነ አማርኛ ይቅደም፤ ልጁ የሚማረው እናቱ ያለ ድካም ቀኑን ሙሉ በምታወራው ቋንቋ ነውና።

ከመትከሉ ሁሉ በፊት ደግሞ መከላከል አለ፤ የዓለም ጤና ድርጅት በልጆች ላይ ከሚደርሰው የመስማት ችግር 60 በመቶ ገደማውን መከላከል ይቻላል ይላል። ማጅራት ገትር፣ ኩፍኝ፣ የአራስ ልጅ ከባድ ቢጫነት፣ ያለ ጥንቃቄ የሚሰጥ የጄንታማይሲን መድኃኒት፣ ሳይታከም የሚመግል ጆሮ ከምክንያቶቹ መካከል ናቸው። ኢትዮጵያ የሳንባ ምች ክትባትን እ.ኤ.አ. በ2011 በመደበኛ ክትባቷ አስገብታለች፤ ይህ ክትባት አንዱን የማጅራት ገትር ዓይነትም ይከላከላል። ማጅራት ገትር ግን አንድ ክፋት አለው፤ ከበሽታው በኋላ የውስጥ ጆሮው በወራት ውስጥ ወደ አጥንትነት ሊለወጥ ይችላል፣ ያኔ ሽቦው መግቢያ ያጣል። ከማጅራት ገትር የዳነ ልጅ ከሆስፒታል ሲወጣ ጆሮው ሳይፈተሽ ወደ ቤት መሄድ የለበትም።

ስለዚህ ለአርሲ የሚያስፈልገው በቅድሚያ የቀዶ ጥገና ክፍል አይደለም። በአሰላ ሪፈራልና ማስተማሪያ ሆስፒታል የሚወለድ ሕፃን ሁሉ ጆሮው እንዲፈተሽ፣ ልኬት የሚያስተካክል አንድ የሠለጠነ ባለሙያ እዚያው እንዲቀመጥ ነው። ማስተካከሉ ዛሬ በኢንተርኔት ከሩቅም ይሠራል፤ ከልጁ አጠገብ የሚቀመጥ ሰው፣ ኮምፒውተርና የማይቆራረጥ መስመር ይበቃል። የክልሉ ጤና ቢሮም አርሲ ዩኒቨርሲቲም ይህን በበጀታቸው ያስቡበት።

ወላጅ ሆነው ይህን የሚያነቡ ከሆነ፣ ልጅዎ በ1 ዓመቱ ስሙን ሲጠሩት ካልዞረ የድስት ክዳኑን ይተዉትና ከአንገት በላይ ሐኪም ዘንድ ይሂዱ። «ይጠብቁ፣ ያድግበታል» ቢባሉ ምርመራው ይደረግልኝ ብለው ይጠይቁ። ምልክት መማሩን ግን ውጤቱን ሳይጠብቁ፣ ከዚያው ቀን ይጀምሩ።