የማይለቅ ሕመምና የተፈናቀሉ እናቶቻችን

በነሐሴ 2013 ዓ.ም. ጦርነቱ ጋይንት ሲደርስ ብዙ እናቶች ልጆቻቸውን አዝለው ወደ ደብረ ታቦር ሸሽተዋል። ከሚያዝያ 2015 ዓ.ም. ጀምሮ ደግሞ የሱዳንን ጦርነት የሸሹ እህቶች በመተማ በኩል ገብተዋል። እንዲህ ባለ መከራ ያለፈች ሴት ነፍሷን ብታተርፍም የወገብ፣ የራስ ወይም የመገጣጠሚያ ሕመም ለዓመታት ሊከተላት ይችላል።

ሥር የሰደደ ሕመም ምንድን ነው?

ከ3 ወር በላይ የቆየ ወይም እየተመላለሰ የሚመጣ ሕመም ነው። ቁስሉ ከዳነ በኋላም ነርቮችና አንጎል የሕመም መልእክት ማስተላለፋቸውን ላያቆሙ ይችላሉ። እንቅልፍ ማጣት፣ ሐዘንና ስጋት ያባብሱታል። ስለዚህ በራጅ ምንም ባይታይም ሕመሙ ውሸት አይደለም።

ባህላችንስ ምን ያደርጋል?

እኛ ዘንድ «ብርድ መታኝ»፣ «ቁርጥማት ያዘኝ» ማለት የተለመደ ነው። ቤቷን ወይም ልጇን ያጣች እናት «ሐዘኑ ከበደኝ» ከማለት «ወገቤን ቆረጠኝ» ማለት ይቀላታል። ሐኪሙ ወገቧን ብቻ ካየ የችግሯ ግማሽ ሳይሰማ ይቀራል። «ሴት ቻይ ናት» ተብላ ያደገችም አልጋ ላይ ካልወደቀች ሐኪም ቤት አትሄድም። ባሏ ወይም ልጇ ሲያስተረጉምላት ደግሞ የማህፀን ሕመሟን ትደብቃለች።

ሶብር ግን ሕመምን መደበቅ አይደለም። ነብያችን (ሰ.ዐ.ወ) መታከምን አዘዋል፤ ዱዓና ሕክምናም አይጣሉም።

ምን እናድርግ?

1. ሕመሙ መቼ እንደጀመረና ምን እንደሚያብሰው፣ የእንቅልፍና የሐዘኑንም ነገር ለሐኪም ንገሩ። ሴት ባለሙያ ወይም ሴት አስተርጓሚ መጠየቅ ነውር አይደለም።

2. ዲክሎፌናክን ያለ ሐኪም ትእዛዝ ለወራት መዋጥ ጨጓራንና ኩላሊትን ይጎዳል።

3. ቀኑን ሙሉ መተኛት አይበጅም። በየቀኑ ቀስ ብሎ መራመድና ሸክምን ከፋፍሎ መያዝ ይረዳል። መጎንበስ ያቃታት ተቀምጣ መስገድ ትችላለች።

4. እግር ከደነዘዘ፣ ሽንት ካመለጠ፣ ትኩሳትና መክሳት ከታየ ሳይውሉ ሳያድሩ ሐኪም ቤት መሄድ ግድ ነው፤ የአከርካሪ ቲቢም ሊሆን ይችላል። ምክንያቱ እስኪታወቅ ወጌሻ አያሻት።

ባሎችና ልጆች ሆይ! «ለምዶባት ነው» አትበሉ። ጀሪካኑን ተቀበሏት። ቡና ሲፈላም ተፈናቃይ ጎረቤታችሁን ጥሩ፤ ብቸኝነት ሕመምን ያብሳልና። አላህ (ሱ.ወ) ለታመሙት ሁሉ ሽፋውን ይስጥልን፤ አሚን።