ለወንዝ ዓሣ ማጥመጃ ስለሚሆነው የተንሳፋፊ ዘንግ አመራረጥና አጠቃቀም

በጣና፣ በዝዋይ፣ በሐዋሳና በጫሞ ሐይቆች ኑሮውን በዓሣ የሚመራው ሰው ሥራውን የሚሠራው በመረብ፣ ወይም ብዙ መንጠቆ በተንጠለጠለበት ረጅም ሲባጎ፣ ወይም በእጅ በሚያዝ ክር ነው። ዘንግ የሚገዛው ሌላ ደንበኛ ነው፤ ይኸውም የዕረፍት ቀኑን በውሃ ዳር ለማሳለፍ የሚወድ የመሥሪያ ቤት ሠራተኛ፣ ከውጭ አገር መጥቶ በከተማችን የሚኖር እንግዳ፣ ወይም ልጆቹን ይዞ ወደ ቢሾፍቱ የሚወርድ የቤተሰብ አለቃ ነው። የዚህ ደንበኛ ቍጥር ጥቂት ስለ ሆነ ነጋዴው የተሳሳተ ዕቃ ቢያስመጣ የሚገዛው ሌላ ሰው አያገኝም። ለባሕር ዳርቻ የተሠራ ወፍራም ዘንግ በካታሎግ ሥዕል ብቻ ተማርኮ ያዘዘ አስመጪ ዕቃው በመጋዘን አቧራ ሲጠጣበት፣ ገንዘቡም ታስሮ ሲቀርበት ይኖራል። የውጭ ምንዛሪ ዋጋ በገበያ እንዲወሰን ከተደረገበት ከሐምሌ 2016 ዓ.ም. ወዲህ ደግሞ እንዲህ ያለው ስሕተት ከቀድሞው የበለጠ ከባድ ሆኗል።

በእንግሊዝ አገር ካታሎግ የሳልሞንና የትራውት ዕቃ ለብቻው ይመደባል፤ የቀረው ዓሣ ሁሉ፣ ካርፑም ሌላውም፣ «ተራ ዓሣ» ተብሎ በሌላ ክፍል ይቀመጣል። የእኛ አስመጪ ሊመለከት የሚገባው ይህን ሁለተኛውን ክፍል ነው። በአዋሽና በአባይ ገባሮች የሚገኘው፣ የጣና ሰዎች ነጭ ዓሣ የሚሉት ዓሣ የካርፕ ወገን ስለ ሆነ፣ በኤውሮፓ ወንዞች ከሚታወቀው ከባርበል ጋር ዘመድ ነው። አፉ ወደ ታች የዞረ፣ ሰውነቱ ጠንካራ፣ ፈሳሽ ውሃ የለመደ ነው። ስለዚህ ለባርበል የተሠራ ዘንግ ለነጭ ዓሣም ይሆናል። ቆሮሶም ቢሆን በተንሳፋፊ በደንብ ይጠመዳል። አምባዛ ግን የተለየ ነገር ነው፤ ትልቁ አምባዛ ብዙ ኪሎ የሚመዝን ስለ ሆነ ቀጭኑን ዘንግ እንደ አገዳ ይሰብረዋል። ደንበኛው «አምባዛ ለመያዝ እፈልጋለሁ» ያለ እንደ ሆነ ባለሱቁ ይህን ዘንግ ባይሸጥለት ይሻላል፤ ዛሬ የሸጠው ዘንግ በሚቀጥለው ሳምንት ተሰብሮ ወደ መደርደሪያው መመለሱ የማይቀር ነውና።

የተንሳፋፊ ዘንግ ከሌላው የሚለየው በርዝመቱና በቅጥነቱ ነው። የተለመደው ርዝመት ከ12 እስከ 14 ፉት ሲሆን፣ ለወንዝ ይበልጥ የሚመረጠው የ13 ፉቱ ነው፤ ይህም ወደ 4 ሜትር ይጠጋል። ይህን ያህል መርዘሙ ክሩን ራቅ አድርጎ ለመወርወር የሚመስለው ሰው ብዙ ነው፤ ምክንያቱ ግን ይህ አይደለም። ወንዙ እየፈሰሰ ተንሳፋፊውን ይዞት ሲሄድ፣ በዘንጉ ጫፍና በተንሳፋፊው መካከል ያለው ክር ውሃው ላይ ከተኛ ፈሳሹ ይጐትተዋል፤ ተንሳፋፊውም ከመንገዱ ይወጣል፤ ዓሣውም ምግቡ ያለ ተፈጥሮው ሲንቀሳቀስ አይቶ ይሸሻል። ረጅም ዘንግ የያዘ ሰው ክሩን ከውሃው በላይ አንሥቶ ሊይዘው ይችላል። አጭር ዘንግ ርካሽ ነው፣ ለመሸከምም ይመቻል፤ ነገር ግን ይህን አገልግሎት አይሰጥም።

ሁለተኛው የሚመረመረው ነገር የዘንጉ አጐባበጥ ነው። አንዳንዱ ዘንግ የሚጐብጠው ከጫፉ ብቻ ሲሆን፣ ሌላው እስከ እጀታው ድረስ እንደ ደጋን ይቀለበሳል። የመጀመሪያው ፈጣን ስለ ሆነ ትንንሽ ዓሣን ቶሎ ለመንጠቅ ይጠቅማል። ሁለተኛው የትልቅ ዓሣ መወራጨት ቀጭኑን ክር እንዳይበጥሰው ኃይሉን ራሱ ይሸከማል። ለነጭ ዓሣ የሚሻለው ሁለተኛው ነው። በዘንጉ ላይ የተጻፈው የክር ጥንካሬም መነበብ አለበት፤ ከ3 እስከ 6 ፓውንድ የሚል ከሆነ ቀላል ነው፤ ከ6 እስከ 10 ፓውንድ የሚል ከሆነ ጠንከር ያለው ነው። አንድ ፓውንድ 450 ግራም ያህል መሆኑን ለገዢው ማስረዳት የባለሱቁ ፈንታ ነው። አንድ ዓይነት ብቻ ለማስመጣት ዐቅሙ የሚፈቅድለት ነጋዴ ጠንከር ያለውን ቢመርጥ አይጐዳም።

ዘንግ የሚሠራበት ነገር በየዘመኑ ተለውጧል። ቀድሞ ከቻይና ከሚመጣ ቀርከሃ ተሰንጥቆ፣ ስድስት ጠርዝ ሆኖ በማጣበቂያ ይሠራ ነበር፤ ቀጥሎ የመስተዋት ጭረት መጣ፤ እ.ኤ.አ. ከ1970ዎቹ ወዲህ ደግሞ የካርቦን ጭረት ሁሉንም በለጠ። ካርቦን ቀላልና ቀጥ ያለ ስለ ሆነ ሰው ቀኑን ሙሉ ቢይዘው አይደክመውም። ነገር ግን ካርቦን ኤሌክትሪክ ያስተላልፋል። ይህን የማይነግር ባለሱቅ በደንበኛው ሕይወት ላይ ይጫወታል ቢባል ማጋነን አይሆንም። 4 ሜትር የሚሆን የካርቦን ዘንግ ሽቦውን ባይነካው እንኳን ወደ ከፍተኛ ኃይል መስመር በመጠጋቱ ብቻ ሊገድል ይችላል፤ በመብረቅና በነጐድጓድ ጊዜም ዘንጉን አስቀምጦ መራቅ ይገባል። በአቃቂ ቃሊቲ ሜዳ የኤሌክትሪክ መስመሮች በየአቅጣጫው የሚያልፉ ስለ ሆነ፣ ዘንጉን በመኪና ጣራ ላይ ገጣጥሞ መሄድ ወይም ትከሻ ላይ አቁሞ መራመድ ፈጽሞ የተገባ አይደለም።

ቃሊቲ ከተነሣ ዘንድ፣ ስለ አቃቂ ወንዝ በግልጽ መናገር ያስፈልጋል። ከአዲስ አበባ ወደ ደቡብ የሚወርድ ሰው ቃሊቲ ማረሚያ ቤት ካለበት አካባቢ አልፎ ሲሄድ ትንሹና ትልቁ አቃቂ ከግራና ከቀኝ ወደ አባ ሳሙኤል ሐይቅ ሲወርዱ ያገኛል። ቦታው ቅርብ ነው፤ መንገዱም ጥሩ ነው፤ ስለዚህ አዲስ ዘንግ የገዛ ሰው ለመሞከር መጀመሪያ የሚያስበው ወደዚያ መሄድ ነው። ትንሹ አቃቂ በገፈርሳ በኩል፣ ትልቁ አቃቂ በለገዳዲ በኩል ሲነሡ ንጹሕ ናቸው። ከተማውን ካቋረጡ በኋላ ግን የቤት ፍሳሽ፣ የቆዳ ፋብሪካና የሌላውም ፋብሪካ እዳሪ ተጨምሮባቸው ይወርዳሉ። በዚህ ውሃ በሚለማው አትክልት ላይ እንኳን ከባድ ማዕድኖች መገኘታቸውን ተመራማሪዎች ደጋግመው ጽፈዋል። አባ ሳሙኤልም የዚሁ ውሃ ማከማቻ ነው፤ ከዚያ በቀር እምቦጭ ሸፍኖታል። የኤሌክትሪክ ማመንጫው ብዙ ዓመት ቆሞ ከቆየ በኋላ በቻይና መንግሥት እርዳታ በ2009 ዓ.ም. ታድሶ ሥራ ጀምሯል፤ የማመንጫው መታደስ ግን ዓሣውን ለምግብ የሚሆን አላደረገውም። ዘንግ የሚሸጥ ሰው ደንበኛው «የት ልሂድ?» ሲለው ቅርቡን ቦታ ጠቅሶ ከሚገላገል፣ ከቃሊቲ በታች የተያዘ ዓሣ ለልጅ የማይሰጥ መሆኑን ቢነግረው የሚያተርፈው እምነት ከዘንጉ ዋጋ ይበልጣል። ማረሚያ ቤቱም የጥበቃ ስፍራ ስለ ሆነ ረጅም ጥቁር ከረጢት ተሸክሞ በአጥሩ ዙሪያ መመላለስ ለማንም አይመከርም።

ወደ ተሻለው ቦታ ለመድረስ መንገዱ ያን ያህል ሩቅ አይደለም። በቢሾፍቱ ሐይቆች ቆሮሶ ይያዛል፤ ፈሳሽ ውሃ ለሚፈልግ ሰው ከመልካ ቁንጥሬ አካባቢ ጀምሮ ከአቃቂ መጋጠሚያ በላይ ያለው አዋሽ አለ። በቆቃ በኩል ጉማሬ፣ በአዋሽ ፓርክ በኩልም አዞ መኖሩ አይዘንጋ። በባሕር ዳር አካባቢ ያለው ነጭ ዓሣ በዓለም ላይ የታወቀ ነው፤ በጣና 15 ያህል ዓይነት ያለው ሲሆን፣ ከሐምሌ እስከ ጥቅምት እንቁላሉን ለመጣል ወደ ጉማራ፣ ወደ ርብ፣ ወደ መገጭና ወደ ግልገል አባይ ይወጣል። ያን ጊዜ በወንዝ አፍ ቆሞ ማጥመድ ዘሩን ማጥፋት ነው። ደግሞም ከሰኔ እስከ መስከረም ወንዞቻችን ደፍርሰው ስለሚሞሉ ተንሳፋፊ በነዚህ ወራት አይሠራም። ከጉዞው በፊት በዓሣ ሀብት ልማትና አጠቃቀም አዋጅ ቍጥር 315/1995 መሠረት ፈቃድ ያስፈልግ እንደ ሆነ የክልሉን ግብርና ቢሮ መጠየቅ ነው። ከዚህ የሚከተለው የንግድ ትምህርት ቀላል ነው፤ ዘንጉ ከጥቅምት በፊት በመደርደሪያ ላይ መገኘት አለበት። መንጠቆና ክር ግን የሚበልጠው ገዢያቸው ባለ መረቡና ባለ ሲባጎው ዓሣ አጥማጅ ስለ ሆነ፣ የዓሣ ገበያ ከሚደምቅበት ከዐቢይ ጾም አስቀድሞ ሊከማቹ ይገባል።

ዘንጉ ከሳጥኑ ሲወጣ ባለሱቁ በራሱ እጅ ሊፈትነው ይገባል። ሦስቱ ክፍል ተገጥሞ ከእጀታው ወደ ጫፉ በዐይን ሲታይ ቀለበቶቹ በአንድ መስመር መሰለፍ አለባቸው። ትንሽ የጥጥ ቍራጭ በየቀለበቱ ውስጥ ቢጐተትና ጥጡ ቢያዝ፣ ቀለበቱ ሻካራ ነው ማለት ነው፤ ሻካራ ቀለበት ደግሞ ክሩን ይበላዋል። ውስጡ በሸክላ መሰል ጠንካራ ነገር የተለበጠ ቀለበት ዋጋው ቢጨምርም የሚያዋጣው እሱ ነው። ውስጠኛ ማያያዣ ባለው አዲስ ዘንግ፣ በሁለቱ ክፍሎች መካከል አንድ ሳንቲ ሜትር ያህል ክፍተት ቢታይ ጉድለት አይደለም፤ መጋጠሚያው እየተበላ ሲሄድ እንዲጠብቅ ሆን ተብሎ የተተወ ነው። ይህን ባለማወቅ ደኅናውን ዕቃ «ተበላሽቷል» ብለው የሚመልሱ ደንበኞች አሉ። መጋጠሚያውን ጥቂት ሻማ መቀባት እንዳይነክስ ይረዳል።

ከዘንጉ ጋር የሚሸጠው መዘውር ሁለት ዓይነት ነው። አንደኛው ክሩ ከማይዞር ጥቅል ላይ እየተፈታ የሚሄድበት ሲሆን ለጀማሪ ይቀላል። ሁለተኛው በአንድ እንዝርት ላይ በነጻ የሚዞር ክብ መንኰራኵር ነው፤ ወንዙ ተንሳፋፊውን ሲወስድ መንኰራኵሩ በራሱ እየዞረ ክሩን ስለሚለቅ ለፈሳሽ ውሃ ከሁሉ የተሻለ ነው፤ ነገር ግን መወርወሩን ለመልመድ ትዕግሥት ይጠይቃል፣ ዋጋውም ውድ ነው። ለገበያችን የመጀመሪያው ይበቃል። የመንጠቆ ቍጥር አቈጣጠር ብዙ ባለሱቆችን አሳስቷል፤ ቍጥሩ ሲበዛ መንጠቆው ያንሳል፤ 16 ቍጥር ከ8 ቍጥር ያንሳል፤ ከ1 ቍጥር በላይ ያለው ትልቁ ግን 1/0፣ 2/0 እየተባለ ወደ ላይ ያድጋል። ለነጭ ዓሣና ለቆሮሶ ከ8 እስከ 12 ቍጥር ያለው ይስማማል።

አጠቃቀሙም አስቸጋሪ አይደለም። አጥማጁ አስቀድሞ ከባድ እርሳስ በመንጠቆው ላይ አስሮ የውሃውን ጥልቀት ይለካል። ከዚያ በኋላ ተንሳፋፊውን ከላይና ከታች በላስቲክ ቀለበት ከክሩ ጋር ያያይዘዋል፤ ጫፉ ብቻ ከውሃው በላይ እስኪታይ ድረስም የእርሳስ ፍሬ ይጨምርበታል። ጫፉ ብዙ ከታየ ዓሣው ሲነካው ስለሚከብደው ምግቡን ይተፋዋል። ትል ወይም ጠንከር ያለ ሊጥ በመንጠቆው ላይ ይደረጋል። ተንሳፋፊው ከወንዙ ጋር እኩል ይልቀቅ፤ አልፎ አልፎ ቈንጠጥ ተደርጎ ቢያዝ ምግቡ ቀድሞ ይሄዳል፣ ዓሣውም ከክሩ በፊት ምግቡን ያያል። ስለ እርሳሱ አንድ ነገር ይታወቅ፤ እንግሊዝ አገር ትንንሹን የእርሳስ ፍሬ የውሃ ወፎች እየዋጡት ስለሚሞቱ እ.ኤ.አ. በ1987 ሽያጩን ከልክላለች፤ ስለዚህ ከዚያ የሚመጣው ከሌላ ማዕድን የተሠራ ነው፣ ዋጋውም ከፍ ይላል።

ተንሳፋፊውን ሁሉ ከውጭ ማስመጣት ግድ አይደለም። በእንግሊዝ አገር በቀድሞ ዘመን ከተወደዱት ተንሳፋፊዎች አንዱ የሚሠራው ከጃርት እሾህ ነበር። ላኪዎቻችንም ጎረቤታችን ኬንያ ከላባና ከክር በእጅ የሚታሰር የዝንብ መሳይ ማጥመጃ እየሠራች ወደ ኤውሮፓና ወደ አሜሪካ እንደምትልክ ቢመለከቱ ይጠቅማቸዋል። ሥራው የሚጠይቀው ቀጭን እጅና መልካም ዐይን ነው።

ዕቃው ቃሊቲ በሚገኘው የጉምሩክ ቅርንጫፍ የሚያልፍ ከሆነ፣ ሰነዱ ላይ «የስፖርት ዕቃ» ብሎ በደፈናው መጻፍ ክርክር ያስነሣል። በዓለም አቀፉ የታሪፍ አመዳደብ ዘንግ በ9507.10፣ መንጠቆ በ9507.20፣ መዘውር በ9507.30፣ የቀረው የክር ማጥመጃ ዕቃ በ9507.90 ይመደባል። የናይሎን ክር ግን ተቈርጦ የመጣ ቢሆንም ተዘጋጅቶ ማጥመጃ ካልሆነ ከዚህ ምዕራፍ ውጭ ነው፤ ዓሣ የሚያዝበት ትልቁ መረብም በ56.08 እንጂ በዚህ አይገባም። ስለዚህ ፋክቱሩ ላይ እያንዳንዱ ለብቻው ይዘርዘር። የ13 ፉት ዘንግ በሦስት ተከፍሎ ሲታሸግ እያንዳንዱ ክፍል 1 ሜትር ከ32 ሳንቲ ሜትር ያህል ስለሚሆን፣ በአውሮፕላን ሲመጣ የሚታሰበው ሂሳብ በክብደቱ ሳይሆን በሚይዘው ቦታ ነው። ዘንጎቹ በጠንካራ ቱቦ ውስጥ በርከት ብለው በአንድነት ይታሸጉ ዘንድ ከላኪው ጋር አስቀድሞ መስማማት ይገባል፤ ለስላሳ ካርቶን ውስጥ የመጣ ዘንግ ጫፉ ተሰብሮ መድረሱ የተለመደ ነው፤ ለጫፉ መለዋወጫ የሚልክ ፋብሪካም ጥቂት ነው።