ከበሬ ቀብድ እስከ ዝናብ ውል፦ የኦፕሽን ዋጋ ማስያ ሶፍትዌሮች ዳሰሳ

ቅዳሜ ላሊበላ ገበያ በሬ የወደደ ሰው ገንዘቡ ካልሞላለት ቀብድ ሰጥቶ ቀጠሮ ይይዛል። በ1952 ዓ.ም. የወጣው የፍትሐ ብሔር ሕግም ለዚህ ልማድ ቦታ ሰጥቶታል። ተዋዋዮቹ በሌላ አኳኋን ካልተስማሙ በቀር ሐሳቡን የቀየረ ቀብድ ሰጪ ቀብዱን ትቶ ይሄዳል፤ ተቀባዩ ውሉን ካፈረሰ ግን እጥፉን ይመልሳል። ኦፕሽን የሚባለው የፋይናንስ ውል የዚህ የቅርብ ዘመድ ነው። ገዢው ዛሬ ጥቂት ገንዘብ ይከፍልና አንድን አክሲዮን እስከተወሰነ ቀን ድረስ በተቆረጠ ዋጋ የመግዛት ወይም የመሸጥ መብት ያገኛል። ካላዋጣው ይተወዋል። ሁለቱ የሚለያዩበትም አለ፤ ቀብድ ከሽያጩ ዋጋ ላይ ይታሰባል፣ የኦፕሽን ክፍያ ግን ለመብቱ ብቻ የተከፈለ ነው። ኦፕሽን የሸጠ ሰው ደግሞ እጥፍ ከፍሎ የሚወጣበት በር የለውም፤ ገዢው መብቱን ሲጠይቅ መፈጸም አለበት።

ይህ መብት ስንት ብር ያወጣል የሚለው ጥያቄ የሒሳብ ሰዎችን ብዙ ዘመን አስጨንቋል። ፈረንሳዊው ልዊ ባሽሊዬ እ.ኤ.አ. በ1900 የዶክትሬት ጽሑፉን ጻፈበት። ፊሸር ብላክና ማይረን ሾልስ እ.ኤ.አ. በ1973 ዛሬም በስማቸው የሚጠራውን ቀመር አሳተሙ፤ የቺካጎው የኦፕሽን ገበያ የተከፈተውም በዚያው ዓመት ነበር። ብዙም ሳይቆይ ነጋዴዎች ቀመሩን በእጅ ካልኩሌተር መሥራት ጀመሩ። እ.ኤ.አ. በ1979 ኮክስ፣ ሮስና ሩቢንስታይን ጊዜውን እየከፋፈለ ዋጋው ሲወጣና ሲወርድ የሚከተል ስሌት አመጡ፤ ይህ ከማብቂያ ቀናቸው በፊት ሊሠራባቸው ለሚችሉ ውሎች ይጠቅማል። በሺዎች የሚቆጠሩ የዋጋ ጉዞዎችን በዕጣ እየፈጠረ አማካዩን የሚወስደው ሞንቴ ካርሎም ለተወሳሰቡ ውሎች ይውላል። ዛሬ እነዚህን ሁሉ ከኤክሴል ጀምሮ ኳንትሊብ እስከተባለው፣ እ.ኤ.አ. ከ2000 ጀምሮ ለማንም በነጻ ክፍት እስከሆነው የፕሮግራም ስብስብ ድረስ እናገኛቸዋለን። መሣሪያው ላሊበላ ላለ ተማሪም በነጻ ይደርሰዋል።

ሶፍትዌሩ የሚሠራውን በምሳሌ እንየው። ዛሬ 1,000 ብር የሚሸጥ አክሲዮን አለ እንበል፤ ከአንድ ዓመት በኋላ በዚያው በ1,000 ብር የመግዛት መብት እንፈልጋለን። የትርፍ ድርሻ አይከፈልበትም፣ ወለዱ 15 በመቶ፣ ዓመታዊ የዋጋ መዋዠቁ ደግሞ 30 በመቶ ነው። የብላክና ሾልስ ቀመር መብቱ 194 ብር ገደማ ያወጣል ይላል። ከዚህ ቀጥሎ በአብዛኛው በግሪክ ፊደላት ስም የሚጠሩት የስጋት መለኪያዎች ይመጣሉ። ዴልታ 0.74 ነው፤ አክሲዮኑ አንድ ብር ቢጨምር ኦፕሽኑ 74 ሳንቲም ያህል ይጨምራል። ጋማ ይህ ዴልታ ራሱ ምን ያህል እንደሚለዋወጥ ይናገራል። መዋዠቁ ከ30 ወደ 31 በመቶ ቢያድግ ዋጋው 3 ብር ከ20 ሳንቲም ገደማ ይጨምራል፤ ይህ ቬጋ ነው። ምንም ሳይለወጥ አንድ ቀን ቢያልፍ 36 ሳንቲም ያህል ይቀንሳል፤ ይህ ቴታ ነው። ሮ የሚባለው ደግሞ ወለዱን ይከታተላል፤ አንድ ነጥብ ሲጨምር ዋጋው በ5 ብር ተኩል ገደማ ያድጋል። ለሻጩ ከ194ቱ ብር ይልቅ የሚጠቅሙት እነዚህ ናቸው፤ ራሱን ለመከላከል ስንት አክሲዮን ገዝቶ መያዝ እንዳለበት የሚያውቀው በዴልታ ነውና።

ከአምስቱ ግብዓቶች አራቱ ከውሉና ከገበያው በቀጥታ ይነበባሉ። አምስተኛው፣ መዋዠቁ፣ ግምት ነው። ያለፈውን ብቻ ይዞ መገመት ምን እንደሚያስከትል በብራችን አይተናል። የምንዛሪ ተመኑ ለዓመታት ጥቂት በጥቂት ሲንቀሳቀስ ኖሮ ሐምሌ 22 ቀን 2016 ዓ.ም. ለገበያ ሲለቀቅ፣ 57 ብር ገደማ የነበረው ዶላር በሳምንታት ውስጥ ከ100 ብር አለፈ። ከዚያ በፊት የባንክ ተመኑን ብቻ ያስገባንለት ሶፍትዌር መዋዠቁ ኢምንት ነው ብሎ በዶላር ላይ የተጻፈን መብት እጅግ በርካሽ ይሸጥልን ነበር። ቀመሩ ዋጋ ሳይዘል ይጓዛል ብሎ ያምናል፤ በመንግሥት ውሳኔ የሚዘል ዋጋ አያውቅም።

በአገራችን ኦፕሽን በአክሲዮን ላይ ሳይሆን በዝናብ ላይ ቀድሞ ተሠርቶበታል። በ1998 ዓ.ም. የዓለም ምግብ ፕሮግራም ከፈረንሳዩ የጠለፋ መድን ኩባንያ አክሳ ሪ ጋር ለኢትዮጵያ የድርቅ ውል ፈረመ። አረቦኑ 930,000 ዶላር፣ ከፍተኛው ክፍያ 7.1 ሚሊዮን ዶላር ነበር፤ መለኪያውም ከ26 የሜትሮሎጂ ጣቢያዎች የሚሰበሰብ የዝናብ መጠን ነበር። በአሠራሩ ኦፕሽን ነው፤ ዝናቡ ከተቆረጠው ደረጃ ሲያንስ ይከፍላል፣ ካላነሰ ክፍያ የለም። ዝናቡ ጥሩ ስለነበር ክፍያ አልመጣም። በ2000 ዓ.ም. ሊፕ የተባለ ሶፍትዌር ተዘጋጀ፤ ዝናቡንና የሰብሉን የውኃ ፍላጎት አነጻጽሮ ስንት ሰው እርዳታ እንደሚያስፈልገው ቀድሞ ይገምታል። በቀጣዩ ዓመት ትግራይ ውስጥ በአዲ ሐ 200 አባወራዎች የዝናብ መድን ገቡ፤ አቅም ያነሳቸው አረቦኑን በጉልበት ሥራ እንዲከፍሉ ተደረገ።

እዚህ ላይ ግን ብላክና ሾልስ አይሠሩም። ዝናብ ተገዝቶ አይያዝም፤ ስለዚህ በዴልታ ራስን መከላከል የለም። ዋጋው የሚወጣው ካለፉት ዓመታት መዝገብ ነው፦ ውሉ በእያንዳንዱ ዓመት ቢኖር ኖሮ ስንት ይከፍል ነበር? አማካዩ ይወሰዳል፣ የስጋቱና የሥራ ማስኬጃው ይጨመርበታል። በ1966 እና በ1977 ዓ.ም. ለተራበው ወሎ እነዚያ ሁለት ዓመታት በመዝገቡ መኖር አለመኖራቸው ዋጋውን ይለውጠዋል። ላሊበላ የምትገኝበት ላስታ ደግሞ ለዚህ ሥራ እጅግ ከባድ አገር ነው። ከ4,200 ሜትር በላይ ከሚቆመው አቡነ ዮሴፍ እስከ ተከዜ ቆላ ያለው ርቀት አጭር ነው፤ ላይ ገብስ፣ ታች ጤፍና ማሽላ ይዘራል። አንዱ ጋራ ጠግቦ ሌላው ሲደርቅ ጣቢያው የቆመው ከጠገበው ወገን ከሆነ ገበሬው አረቦን ከፍሎ ባዶ እጁን ይቀራል። ለእኔ ከዚህ የከፋ የመሣሪያው ጉድለት የለም። ሳተላይት ክፍተቱን ያጠባል እንጂ አይዘጋውም፤ የአዲ ሐ ፕሮጀክት ገበሬዎችን ሰብስቦ ክፉ ዓመቶቻቸውን መጠየቁ ትልቅ ብልሃት ነበር።

የአክሲዮኑ ገበያ ገና ልጅ ነው። በንጉሡ ዘመን አዲስ አበባ ላይ የነበረው ግብይት በደርግ ውርስ ቆሞ፣ የኢትዮጵያ ሰነደ መዋዕለ ንዋዮች ገበያ ጥር 2 ቀን 2017 ዓ.ም. ተመረቀ፤ ወጋገን ባንክ ቀድሞ ተመዘገበ። መዋዠቅን ለመለካት ብዙ የግብይት ቀን ያስፈልጋል፤ እምብዛም የማይሸጥ አክሲዮን ዋጋው የተረጋጋ ይመስላል እንጂ የተረጋጋ አይደለም። ስለዚህ ገበያው የየዕለቱን ዋጋና የተሸጠውን መጠን፣ የሜትሮሎጂ ኢንስቲትዩት ደግሞ የየጣቢያውን የዕለት ዝናብ፣ የላስታን ጨምሮ፣ ለማንም ክፍት አድርገው ያውጡልን። ሶፍትዌሩ በእጃችን ነው፤ የሚያስፈልገን መዝገቡ ነው።