ስለ ኩላሊት ጠጠር

ለሰው ሁሉ ከጀርባው በታች በግራና በቀኝ ሁለት ኩላሊቶች አሉት። የኩላሊት ሥራ ደምን ማጥራት ነው፤ ይኸውም ትርፉን ውሃና የማይረባውን ጨው ከደም ለይቶ በሽንት ማስወጣት ነው። በሽንት ውስጥ ውሃው ሲያንስ ጨውም ሲበዛ፥ በድስት የተጣደ የጨው ውሃ ተንኖ ባለቀ ጊዜ ጨው ከሥሩ እንደሚቀር፥ እንዲሁ ጨዉ እየተጣበቀ ይጠጥራል። የኩላሊት ጠጠር የሚባለው ይህ ነው።

ብዙ ሰዎች ጠጠሩ ከእንጀራ ጋራ ከተበላ አሸዋ የሚመጣ ይመስላቸዋል። ነገር ግን የተዋጠ አሸዋ በአንጀት አልፎ ይወጣል እንጂ ወደ ኩላሊት የሚገባበት መንገድ የለውም። ዋናው ምክንያት የውሃ ማነስ ነው። ከደሴ ወደ ወልዲያ በሚወስደው መንገድ በውርጌሳና በመርሳ ባለው ሞቃት አገር፥ ገበሬ በፀሐይ ማሽላውን ሲያርም ሲውል የገላው ውሃ በላብ ያልቃል፤ ሽንቱም ያንሳል፥ መልኩም ይጠቁራል። ጨው የበዛበት ምግብና ብዙ ሥጋም ያብሱታል፤ በዘር የሚወረስበትም ጊዜ አለ።

ምልክቱ ከጎድን በታች ተነሥቶ ወደ ብሽሽት የሚወርድ፥ መለስ ቀለስ የሚል ብርቱ ሕመም፥ ማስመለስና ደም የቀላቀለ ሽንት ነው። ከ5 ሚሊሜትር ያነሰ ጠጠር አብዛኛውን ጊዜ በራሱ ይወጣል፤ ሐኪምም የሕመም ማስታገሻ ይሰጣል። ትልቁን ግን ሐኪሞች በቀጭን መሣሪያ ያወጡታል፥ ወይም ከውጭ በሚላክ የድምፅ ሞገድ ይሰባብሩታል። ይህ የሞገድ ሕክምና መጀመሪያ በሰው ላይ የተሠራው በ1972 ዓ.ም. በጀርመን አገር በሙኒክ ከተማ ነው።

ሕመሙ ስለ ቆመ ጠጠሩ ወጥቷል ማለት አይደለም፤ ሳያሳምም የሽንቱን መንገድ ዘግቶ ኩላሊቱን ሊያጠፋ ይችላልና መመርመር ይገባል። ከሕመሙ ጋራ ትኩሳትና ብርድ ብርድ ማለት ቢመጣ፥ ወይም ሽንት ቢቆም፥ ሌሊትም ቢሆን ሕመምተኛውን ወደ ሐኪም ቤት ማድረስ ያስፈልጋል። በሥርና በቅጠል እያከሙ በቤት ማቆየት ለሞት ያደርሳል።

ይህ በሽታ ተመላሽ ነው፤ አንድ ጊዜ ከያዛቸው ሰዎች ግማሽ ያህሉን በ10 ዓመት ውስጥ ዳግመኛ ይይዛቸዋል። መከላከያው በቀን የሚወጣው ሽንት ከ2 ሊትር እንዳያንስ ንጹሕ ውሃ ደጋግሞ መጠጣትና ጨው መቀነስ ነው። ወተት መተው አያስፈልግም። በጾም ወራት ክርስቲያኑ ከጾሙ ሰዓት በኋላ፥ እስላሙም ከማግሪብ እስከ ሱሑር ድረስ ውሃውን ከፋፍሎ ይጠጣ።

ስለዚህ ሽማግሌዎች ወደ እርሻ የሚወርደው ሁሉ ውሃ ይዞ እንዲሄድ ይምከሩ፤ መምህራንም ተማሪዎች በትምህርት ሰዓት ውሃ እንዲጠጡና ሽንታቸውን እንዳይቋጥሩ ይፍቀዱላቸው።