በውርጭ የተተለመ ምድር

ከጎባ ወደ ዶሎ መና የሚወስደው መንገድ በባሌ ተራሮች ያለውን የሳነቴን አምባ አቋርጦ ያልፋል። አምባው ከባሕር ወለል በላይ 4,000 ሜትር ገደማ ከፍታ ላይ ተዘርግቷል። ጅብራው ለብቻው እዚህም እዚያም ቆሟል፤ ቀይ ቀበሮ በፍልፈል ጉድጓድ አፍ ላይ ያደባል። የመንገደኛውን ዓይን የሚስበው ብዙ ጊዜ 4,377 ሜትር ከፍታ ያለው የቱሉ ዲምቱ ተራራ ነው። እኔ ግን አንባቢን ወደ አምባው ደቡባዊ ክፍል መውሰድ እፈልጋለሁ። እዚያ ቁልቁለቱን ይዘው ጎን ለጎን የሚወርዱ የድንጋይ ረድፎች አሉ። ረጃጅሞቹ እስከ 1,000 ሜትር ይዘልቃሉ፤ ወርዳቸው እስከ 15 ሜትር፣ ጥልቀታቸው ደግሞ እስከ 2 ሜትር ይደርሳል። በረድፎቹ መካከል ያለው ሣር የለበሰ ደቃቅ አፈር ነው። ከአየር ላይ የተነሣውን ፎቶግራፍ ያየ ሰው፣ ግዙፍ ገበሬ በሬውን ጠምዶ የተለመው ማሳ ነው ቢል አይፈረድበትም።

ድንጋዩን የደረደረ ሰው የለም። የደረደረው ውርጭ ነው።

ውርጭን እናውቀዋለን። ደጋውን አልፎ የሚመጣውን ብርዳም ከፍታ የምንጠራው በእርሱ ስም ነው፤ በአንድ ሌሊት እህል ሲያቃጥልም «ውርጭ መታው» እንላለን። ከመሬት በታች የሚሠራውን ሥራ ግን እምብዛም አናስተውልም። ውሃ በረዶ ሲሆን መጠኑ 9 በመቶ ያህል ይጨምራል። ይህ ብቻውን ብዙ አፈር አያነሣም። ትልቁ ጉልበት ያለው ሌላ ቦታ ነው፤ የኩራዝ ክር ጋዙን ወደ ላይ እንደሚስብ ሁሉ፣ መቀዝቀዝ የጀመረ ደቃቅ አፈርም ከሥሩ ያለውን ውሃ ወደ ራሱ ይስባል። የተሳበው ውሃ ቀዝቃዛው ድንበር ላይ ሲደርስ ይረጋል፤ በረዶው በስስ በስሱ እየተነባበረ ይወፍራል፤ መሬቱም ያብጣል። ድንጋይ ከአፈር ይልቅ ቅዝቃዜን ፈጥኖ ያሳልፋል፤ ስለዚህ ከሥሩ በረዶ ቀድሞ ይፈጠርና ወደ ላይ ይገፋዋል። በረዶው ሲቀልጥ ድንጋዩ በለቀቀው ክፍተት ደቃቅ አፈር ቀድሞ ይገባበታል፤ ድንጋዩ ወደ ቦታው መመለሻ ያጣል። ወደ ላይ የወጣው ድንጋይ ደግሞ ካበጠው አፈር ወደ ዳር ይንሸራተታል። ሜዳ ላይ ከሆነ ድንጋዮቹ ክብ ወይም ባለ ብዙ ጎን ቀለበት ይሠራሉ፤ ተዳፋት ላይ ከሆነ ቀለበቱ ወደ ታች ይሳብና ረድፍ ይሆናል።

እንዲህ ያለውን፣ በበረዶ ግግር ሳይሆን በሚረጋና በሚቀልጥ መሬት የተቀረጸ ገጽታ «ፔሪግላሲያል» ብሎ የሰየመው ፖላንዳዊው ቫሌሪ ወዚንስኪ ነው፤ ዘመኑም 1909 እ.ኤ.አ. ነበር።

የረድፉ ስፋት የሚወሰነው ቅዝቃዜው ጠልቆ በገባበት ልክ ነው። የባሌና የስሜን ከፍታዎች ዛሬም በሌሊት ውርጭ ይመታቸዋል፤ ማለዳ ላይ ከእርጥብ አፈር ላይ እንደ መርፌ የቆሙ ቀጫጭን በረዶዎች ይታያሉ። ነገር ግን በእኛ ኬክሮስ ብርዱ የሌሊት እንግዳ ነው። ፀሐይ ስትወጣ ይሄዳል፤ ከጥቂት ሴንቲ ሜትር በላይ ለመግባት ጊዜ አያገኝም። ስለዚህ የዛሬው ውርጭ የሚደረድረው ጠጠር ነው። የሳነቴ ረድፎች ግን የተሠሩት ከትላልቅ ቋጥኞች ነው፤ ብዙዎቹም ቅልጥ ዐለት ሲቀዘቅዝ ተሰንጥቆ የፈጠራቸው ባለ ብዙ ጎን ምሰሶዎች ናቸው። እነርሱን ለማንቀሳቀስ መሬቱ በወራት ቅዝቃዜ በጥልቀት መርጋት አለበት፤ ወይም ደግሞ ፐርማፍሮስት፣ ማለትም ቢያንስ ለሁለት ተከታታይ ዓመታት ከዜሮ ዲግሪ በላይ ያልሞቀ መሬት፣ ከሥር መኖር አለበት። ይህ የሳይቤሪያና የአላስካ ምድር ጠባይ ነው። ከምድር ወገብ በስተሰሜን 7 ዲግሪ እንኳ በማይሞላ ርቀት ላይ ምን ይሠራል?

ባሌ በረዶ እንደነበረው ጥርጥር የለም። አምባው ላይ የበረዶ ግግር ገፍቶ የተዋቸው የድንጋይና የአፈር ክምሮች አሉ። ከሕዋ የሚመጣ ጨረር የዐለትን ገጽ ሲመታ ክሎሪን-36 የሚባል ብርቅ የአቶም ዓይነት ይፈጥራል፤ ዐለቱ ከበረዶ ሥር ወጥቶ ለሰማይ ተጋልጦ በቆየ ቁጥር ክምችቱ ያድጋል፤ ያንን በመለካት ዕድሜው ይሰላል። አሌክሳንደር ግሮስና ባልደረቦቹ በዚህ መንገድ ባደረጉትና በ2021 እ.ኤ.አ. ባሳተሙት ጥናት፣ በረዶው እጅግ የሰፋው ከ42,000 እስከ 28,000 ዓመታት በፊት እንደነበረ፣ የጠፋውም ከ15,000 እስከ 14,000 ዓመታት በፊት ገደማ እንደሆነ ደርሰውበታል። ግግሩ ያን ያህል እንዲሰፋ አየሩ ከዛሬው ከ4 እስከ 6 ዲግሪ ሴንቲግሬድ መቀዝቀዝ ይበቃዋል።

ጉዳዩ የሚከብደው እዚህ ላይ ነው። በሳነቴ የተቀበሩት መለኪያዎች እንደሚያሳዩት የዛሬው የአፈር አማካይ ሙቀት ከዜሮ በብዙ ዲግሪዎች ከፍ ያለ ነው፤ ስድስት ዲግሪ ቢቀነስለትም አይረጋም። ሁለቱ ምስክሮች ስለ አንድ ተራራ ይመሰክራሉ፤ ቃላቸው ግን አይገጥምም። በረዶው «ብርድ ነበር» ይላል፤ ድንጋዩ «ከዚያም የባሰ ነበር» ይላል። እኔ አንዱን ሐሰተኛ ለማድረግ አልቸኩልም። የበረዶ ግግር ስለ አየሩና ስለ ዝናቡ ይናገራል፤ የድንጋይ ረድፍ የሚናገረው ስለ አፈሩ ነው። ሰማዩ ጥርት ያለ፣ አየሩ ደረቅ፣ ምድሩም ሣር ያልሸፈነው ከሆነ፣ መሬት ሌሊት ሌሊት የሚያጣው ሙቀት ብዙ ነው፤ በአቅራቢያው ካለው በረዶ ላይ የሚወርደው ነፋስም ያግዛል። ግሮስና ባልደረቦቹ ራሳቸው ረድፎቹን እንቆቅልሽ ብለዋቸዋል።

ወደ ሰሜን ቢሄዱም ተመሳሳይ አሻራ አለ። ስዊዘርላንዳዊው ሀንስ ሁርኒ በ1982 እ.ኤ.አ. ባሳተመው ሥራ የስሜንን የጥንት ግግሮችና በውርጭ ተላውሰው ወደ ታች የተንፏቀቁ የተዳፋት አፈሮች መዝግቧል። በላሊበላ አቅራቢያ ያለው አቡነ ዮሴፍ ተራራም ትናንሽ ግግሮች ነበሩት፤ በውርጭ የተላወሰው የጥንት አፈሩ የሚገኘው ዛሬ ውርጭ ከሚሠራበት ከፍታ በመቶዎች የሚቆጠር ሜትር ዝቅ ብሎ ነው።

በባሌ ያንን ብርድ በሰውነታቸው ያወቁ ሰዎች ነበሩ። በ3,469 ሜትር ከፍታ ላይ ያለው የፊንጫ ሀበራ ዋሻ፣ ከ47,000 እስከ 31,000 ዓመታት በፊት ባሉት ጊዜያት አዳኞች ይሰፍሩበት ነበር። በእሳት እየጠበሱ የበሉት ግዙፉን ፍልፈል ነው፤ ቀይ ቀበሮ ዛሬም የሚያድነውን ያንኑ ዝርያ። የመሣሪያቸው ጥሬ ዕቃ፣ እንደ መስታወት የሚያበራው ጥቁር ባልጩት፣ የሚገኘው ከዋሻው ሽቅብ ወጥቶ 4,200 ሜትር ገደማ ላይ ነበር። ግግሩ በሰፋበት በዚያው ዘመን፣ በበረዶው ዳርቻ እየተራመዱ ወጥተው ድንጋያቸውን ይዘው ይመለሱ ነበር።